ራሱን አልመረምርም ያለው ኮምፒውተር

ሰው ራሱን መመርመር ትቶ የጎረቤቱን ጓዳ በሚመረምርበት ዘመን፣ ራሱን በራሱ የሚመረምር ዕቃ አለ ቢሉኝ አላምንም ነበር። ለካ አለ። ያውም የእኔው ፎቶ ቤት ውስጥ፣ ጠረጴዛዬ ሥር፣ እግሬን የማሳርፍበት ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ ኖሯል። ኮምፒውተሩ አልነሳ ሲል አንድ ቁልፍ ቶሎ ቶሎ ከነካኩለት የራሱን ሆድ ዕቃ ፈትሾ «እዚህ ጋ ነው የሚያመኝ» ብሎ ይናገራል ተባልኩ። ሐኪም ቤት ወረፋ ይዞ የዋለ ሰው ቢቀና አይፈረድበትም። የእኔው ግን መታመሙን በይፋ እያሳየ መመርመሩን እምቢ አለ። እንዲህ ያለ በሽተኛ በቤታችሁ ካለ ጭንቀቴን ለማስረዳት ብዙ አልደክምም።

ፎቶ ቤቴ ጅማ አጠገብ፣ ሰርቦ ነው፣ መንገድ ዳር። በስተቀኜ የሐጂ አባመጫ የቡና መቀሸሪያ አለ። የቡና ወራት ሲገባ ያ ማሽን ከጠዋት እስከ ማታ ያጓራል፤ እኛ ጎረቤቶቹም ጀንፈሉ፣ ደረቁ ቡና ማለቴ ነው፣ ከገለባው ተቀሽሮ እስኪያልቅ ድረስ እየጮኽን እናወራለን። ጥር ላይ ማሽኑ ዝም ሲል ጩኸቱ ይለምድብንና የተጣላን እንመስላለን። ከፊት ለፊቴ ደግሞ የእትዬ ጥሩነሽ ቤት ነው። ነበር ልበል መሰለኝ፤ አሁንም አፌ አልለመደውም።

እትዬ ጥሩነሽ ባላቸው በመንግሥት ሥራ ከሸዋ ተዛውረው ሲመጡ አብረው መጥተው፣ ባላቸውን እዚሁ ቀብረው፣ እዚሁ የቀሩ ሴት ናቸው። የሚታወቁት በላስቲክ ነው። ሶፋቸው ከተገዛበት ቀን ጀምሮ ላስቲኩ አልወለቀም፤ በሙቀት ቀን የተቀመጠ እንግዳ ሲነሳ ሶፋው አብሮ ሊነሳ ይቃጣዋል። ሪሞታቸው በላስቲክ፣ መታወቂያቸው በላስቲክ፣ ስልካቸውም በላስቲክ ነበር፤ ሲደውሉልኝ ጆንያ ውስጥ ሆነው የሚያወሩ ይመስለኛል። የራሳቸው ዕቃ ሲያልቅባቸው ወደ ጎረቤት ተሻገሩ። የሐጂ አባመጫን የማሽን ማብሪያ ጠቀለሉት። አንድ ዓርብ ደግሞ መብራት ጠፍቶ ሥራ ፈትቼ ስቀመጥ መጥተው «ይሄን ሁሉ ገለባ አቅፎ ይሠራል እንዴ?» አሉና የእኔን ኪቦርድ ጠቀለሉልኝ። ይውለቅ የሚል ሰው ከመጣ መልሳቸው አንድ ነው፦ «ይቆይ፤ ለደህና ቀን ይሆናል።»

እኚህ ሴት በዓርቡ ማግስት፣ ቅዳሜ ማታ በድንገት አረፉ። ደክሞኛል ብለው ጋደም እንዳሉ ቀሩ።

አሁን ወደ ጭንቀቴ ልምጣ። ከማረፋቸው ጥቂት ሳምንታት በፊት እትዬ ጥሩነሽ ነጭ ቀሚሳቸውን ለብሰው ፎቶ ቤቴ ገቡና ወንበሩ ላይ ቁጭ አሉ። ስልክ በተደቀነባቸው ቁጥር ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ የሚጥሉ ሴት ናቸውና ደነገጥኩ።

«አንሳኝ» አሉኝ።

«ለምን ጉዳይ ነው እትዬ?»

«ለቀብሬ ነዋ። ሰው ሲሞት መታወቂያውን አጉልተው ያወጡታል፤ እስር ቤት የከረመ ይመስላል። የእኔ መታወቂያ ደግሞ ማኅተሙ አፍንጫዬ ላይ ነው። እንደዚያ ሆኜ ሕዝብ ፊት እንዳልወጣ። አደራ ብያለሁ።»

አንገታቸውን አቅንተው፣ ፊታቸውን ዳኛ አስመስለው ተቀመጡ። ካሜራዬን አስተካክዬ ዝቅ ብዬ ሳይ አዲሱ ጫማቸው ላይ ፌስታል አጥልቀዋል፤ ጭቃ እንዳይነካው። «እትዬ፣ ፌስታሉን…» አልኳቸው። ወደ እግራቸው ተመለከቱና ሳቃቸው አመለጣቸው። ያኔ ካሜራውን ተጫንኩት። አጥቤ ልስጥዎት ስላቸው ግን ተቆጡኝ። «ምን ቸኮልክ? ሟርተኛ ነህ እንዴ? እዚያው ይቀመጥ።» እዚያው ተቀመጠ። የካሜራዬን ካርድ ለሌላ ሥራ አጽድቼዋለሁ፤ ስለዚህ በዚህ ዓለም ላይ የእትዬ ጥሩነሽ ሳቅ ያለው ያ ኮምፒውተር ውስጥ ብቻ ነው።

እሑድ ጠዋት መብራት መጣ። ከመብራቱ ጋር ልጃቸው መሠረት መጣች፤ ጅማ የምታስተምረዋ፣ አብሮ አደጌ ናት። ዓይኗ አብጧል። ከኋላዋ የእድሩ ሰብሳቢ ጋሽ ታደሰ በእጃቸው የእትዬን መታወቂያ ይዘው ቆመዋል።

«እናቴ አንተ ጋ አስቀምጫለሁ ብላኛለች» አለች መሠረት።

«አለ። አሁኑኑ» አልኩና ማብሪያውን ተጫንኩ።

ማራገቢያው ተሽከረከረ፣ መብራቱ በራ፣ ስክሪኑ ላይ የፋብሪካው ምልክት ወጣ። ከዚያ በኋላ ምንም አልመጣም። ምልክቱ እንደ ማስታወቂያ ቦርድ ተገትሮ ቀረ። አጠፋሁት፣ አበራሁት። ምልክቱ ተመልሶ መጥቶ ተገተረ። ጋሽ ታደሰ ሰዓታቸውን አዩና «ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ አስከሬኑ ስምንት ሰዓት ላይ ከቤት ይወጣል» አሉኝ። ይህንማ አውቃለሁ፤ ግን ሰው ሲነግራችሁ ሰዓቱ ይሮጣል።

ለአብዲ ደወልኩ። አብዲ ጅማ ያለ የኮምፒውተር ጠጋኝ ነው፤ ከመቀሸሪያው ጩኸት የተነሳ ስልኬን ጆሮዬ ውስጥ ልከተው ምንም አልቀረኝ። ከወዲያ በኩል ደግሞ ከበሮና ጭብጨባ ይሰማል።

«ሄሎ ብሮ፣ ማል ታኤ? ምን ሆንክ?»

«ኮምፒውተሬ አልነሳም አለ። የት ነህ?»

«ደዶ ነኝ፤ ሚዜ ሆኜ። ሙሽራ ልናመጣ እየወጣን ነው።»

«ሰው ሞቶብኛል አብዲ።»

ከበሮው አልቆመም። ከዚያ አብዲ በከበሮውና በመቀሸሪያው መሀል እየጮኸ የራስ ምርመራውን ነገር ነገረኝ። «አጥፍተህ ስታበራው ኤፍ አሥራ ሁለትን ጠቅ ጠቅ አድርጋት። ዝርዝር ይመጣልሃል፤ እዚያ ውስጥ መርምር የሚለውን ምረጥ። ራሱን ቼክ አድርጎ ምን እንደነካው ይነግርሃል። ኪቦርዱ ደህና ነው ኣ?»

«ኪቦርዱማ አዲስ ነው፤ ላስቲኩ እንኳ አልወጣለትም።»

«ቶሌ፣ እሺ። እንግዲያው እሱ አይደለም» ብሎ ዘጋው።

እዚህ ላይ ቆም ልበል። ኪቦርዱ አዲስ አይደለም። ፊደሎቹ ግማሾቹ ተፍቀዋል። ነገር ግን ላስቲክ ከለበሰ ወዲህ እኔም አሮጌነቱን ረስቼዋለሁ፤ አብዲም ላስቲክ የሚለውን ቃል ሲሰማ ሌላ ጥያቄ አልጨመረም። በእኛ አገር ላስቲኩ ያልወጣለት ዕቃ አይጠረጠርም። ሌላው ሁሉ ይጠረጠራል።

ኤፍ አሥራ ሁለትን በላስቲኩ ላይ ጠቅ ጠቅ ማድረግ ጀመርኩ። ምልክቱ ሳይመጣ ነካሁ፣ ከመጣ በኋላ ነካሁ፣ እየመጣ ሳለ ነካሁ። በለስላሳው ነካሁ፣ በንዴት ነካሁ። ዝርዝር የሚባል ነገር የለም። መሠረት ማብሪያውን እንድትጫን፣ እኔ ቁልፏን እንድነካ ተስማማን። ጋሽ ታደሰ አስጀማሪ ሆኑ፤ በወጣትነታቸው የስፖርት መምህር ስለነበሩ «ተዘጋጅ… ሂድ» ይላሉ። ሦስታችን አንድ ማሽን ላይ አጎንብሰን እንደዚያ ስንል ሰው በመስኮት ቢያየን ለቅሶ ላይ ነን ብሎ አያምንም።

«ገመዱን ነቅለህ ሰካው» አሉ ጋሽ ታደሰ። ነቅዬ ሰካሁት። «ሌላ ማከፋፈያ ላይ ሰካው» አሉ። ሰካሁት። ለቀስተኛ እናቶች በበሩ እያዩ ምክር ማዋጣት ጀመሩ፤ አንዷ ሙቀት አንሶት ነው አለች፣ ሌላዋ ሙቀት በዝቶበት ነው አለች፣ አንዷ ደግሞ ኮምፒውተሩን በስስት ዓይን አይታ «ደንግጦ ይሆናል» አለች። በዚያ ሰዓት ከሁሉም ይህ ነው የተሻለ ምርመራ የመሰለኝ። እኔም ደንግጫለሁና።

እኩለ ቀን ሲሆን የጋሽ ታደሰ ትዕግሥት አለቀ።

«በቃ፣ ይቺን አጉላት» አሉና መታወቂያውን ከነላስቲኩ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

«ጋሼ፣ እትዬ አደራ ብለውኛል።»

«አደራውን ያንተ ኮምፒውተር በላው። ሕዝቡ ባዶ እጁን ይሂድ?»

ፎቶ ኮፒ ማሽኔ ያለ ኮምፒውተር ይሠራል፤ ከዕቃዬ ሁሉ በሚያሳፍረኝ ሰዓት ጤነኛ ሆኖ የተገኘ እሱ ብቻ ነው። መታወቂያውን ከላስቲኩ አወጣሁና አጎላሁት። ወረቀቱ ወጣ። ማኅተሙ የድስት ክዳን አክሎ አፍንጫቸውንና አንድ ዓይናቸውን ሸፍኗል። በቀረችው ዓይን እትዬ ጥሩነሽ እኔን ነበር የሚያዩኝ። መሠረት ወረቀቱን አየችው፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። አፈርኩ። ወረቀቱን አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩና አብዲ ጋ መልሼ ደወልኩ።

«ብሮ፣ ሲነሳ ድምፅ ያሰማል? ጢጥ ጢጥ የሚል? ስክሪኑ ካልተናገረ በድምፅ ነው የሚናገረው።»

«በመቀሸሪያው መሀል ምን ይሰማኛል?»

«አስቁመው፤ ካልሰማሁት ልነግርህ አልችልም። እኔም ከዘፈኑ ልውጣ።»

ወደ ሐጂ አባመጫ ሮጥኩ። ከደጃቸው ጀንፈል የጫኑ ፈረሶች ተሰልፈዋል፣ ገበሬዎቹ ገለባ ለብሰው ቆመዋል። ወራቱ ነው፤ በዚህ ወራት መቀሸሪያ ቁም ማለት አይሞከርም። ሐጂ ነጭ ቆባቸውን እንዳደረጉ ከማሽኑ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል።

«ሐጂ፣ ለትንሽ ደቂቃ ያቁሙልኝ» ብዬ ጆሯቸው ላይ ጮኽኩ።

«የገባውን ሳይጨርስ ከቆመ ይታነቃል ልጄ። ማልኒ? ምን ገጠመህ?»

«የእትዬ ጥሩነሽ ፎቶ ነው፤ ኮምፒውተሩ ውስጥ ቀርቶብኝ ነው። ድምፁን መስማት አለብኝ። ስምንት ሰዓት ላይ ይወጣሉ።»

ሐጂ ተነሱ። ለገበሬዎቹ በኦሮምኛ አንድ ነገር ተናገሩ፤ ጀንፈል ወደ ማሽኑ ሊገለብጥ የነበረው ሰው ጆንያውን መልሶ አወረደ። የገባው እስኪያልቅ ቆመን ጠበቅን። በዕድሜዬ እንደዚያ የዘገየ ቡና አላየሁም፤ ፍሬ በፍሬ የሚቆጠር መሰለኝ። በመጨረሻ ሐጂ እጃቸውን ወደ ማብሪያው ሰደዱ፤ ቀዩን ቁልፍ በላስቲኩ ላይ ተጫኑት።

«ይሄንንም እሷ ናት ያሰረችልኝ» አሉ። «አላህ ያጽናችሁ። እኔም እመጣለሁ።»

ማሽኑ ሲቆም ከተማው ሁሉ የቆመ መሰለኝ። የፈረሶቹ መተንፈስ፣ ከማዶ ድንኳኑ ውስጥ የሚለቀሰው ለቅሶ፣ ሁሉም በአንዴ ጎልቶ መጣ። ወደ ሱቄ ሮጥኩ፤ ሐጂና ገበሬዎቹም ተከትለውኝ በሩን ሞሉት። መሠረት ኮምፒውተሩን አበራችው። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ድምፁን ከፍቼ አስቀመጥኩት።

«እንሰት ውስጥ ገብቻለሁ፣ ቀጥሉ» አለ አብዲ።

ያኔ ሰማነው። ጢጥ ጢጥ ጢጥ ጢጥ እያለ፣ ሳይቋረጥ፣ ከሣጥኑ ውስጥ ቀጭን ድምፅ ይወጣል። ከጠዋት ጀምሮ እንዲህ ሲጮኽ ውሎ የሰማው አንድ ሰው የለም።

«ብሮ፣ እጅህን ከኪቦርዱ ላይ አንሳ» አለ አብዲ።

«አንስቻለሁ።»

«ሌላ ሰው ነክቶታል። ሁላችሁም እጃችሁን አንሱ።»

ሁላችንም እጃችንን ወደ ላይ አነሳን። ጋሽ ታደሰ አነሱ፣ መሠረት አነሳች፣ በሩ ላይ ያሉት ገበሬዎች ነገሩ ሳይገባቸው አነሱ፤ ሐጂም ከእነመቁጠሪያቸው አነሱ። ጢጥ ጢጡ አልቆመም።

«እንግዲያው አንድ ቁልፍ ተጭኖ ተይዟል። የተያዘ ቁልፍ ካለ ምርመራውም ሆነ ሌላው አይነሳም። ምን አለበት ላዩ ላይ?»

«ምንም የለበትም። ላስቲክ ብቻ ነው።»

«የፋብሪካው ላስቲክ አይደለም እንዴ?»

ሁሉም ሰው ኪቦርዱን አየ። የፍራሽ ላስቲክ ነው፣ ብዙ ጊዜ የታጠፈ፣ በሲባጎ ግራና ቀኝ ጥፍር ተደርጎ የታሰረ። የሲባጎው ቋጠሮ ግራ ጥግ ላይ ያለችው ቁልፍ ላይ ቁጭ ብሏል፤ ተወው፣ ውጣ የምትለዋ፣ ኢስኬፕ የሚሏት። ከጠዋት ጀምሮ እኔ ዝርዝሩን አምጣ ስል እትዬ ጥሩነሽ በቋጠሯቸው ተወው ይሉታል። እሺ የሚለው ማንን እንደሆነ ግልጽ ነው፤ እኔም ብሆን እሳቸውን ነበር እሺ የምለው።

መቀስ አነሳሁ።

«አትቅደደው» አለች መሠረት።

«ሰዓቱ እኮ…»

«አትቅደደው አልኩህ። የእሷን ቋጠሮ እኔ አውቀዋለሁ።»

አጎንብሳ በጥፍሯ መፍታት ያዘች። በዚያ ቤት ያደገች ልጅ ናት፤ ሲባጎ ተቆርጦ፣ ላስቲክ ተቀዶ አያውቅም፣ ሁሉም ተፈትቶ ይታጠፋል። እንባዋ ላስቲኩ ላይ ይንጠባጠባል፤ ቋጠሮው እየረጠበ ጭራሽ ጠበቀ። ጋሽ ታደሰ እንኳ ሰዓታቸውን አላዩም። ተፈታ። ላስቲኩ እጥፉ ተዘርግቶ ጠረጴዛውን አለበሰው። ጢጥ ጢጡ ቆመ።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ደግ ነበር። እኔ ግን የምነካትን ቁልፍ ለምጃለሁና ኮምፒውተሩን አጥፍቼ ሳበራው ጣቴ ራሱ ሄዶ ኤፍ አሥራ ሁለትን ነካካት። ዝርዝሩ መጣ። በደስታ መርምር የሚለውን መረጥኩ። ሲለመን የዋለው ምርመራ አሁን ሳያስፈልገን ተነሳና ሥራውን ጀመረ። ማራገቢያውን ፈተሸ፣ ስክሪኑን ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ አደረገው፣ ቀለሙ ይታይሃል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ከዚያ ማስታወሻ ክፍሉን ሊፈትሽ ገባና መስመሯ እንደ ቀንድ አውጣ መሄድ ጀመረች። ከማዶ ለቅሶው ከፍ አለ። አስከሬኑ ሊወጣ ነው።

«አቁመው» አሉ ጋሽ ታደሰ።

«እንዴት እንደሚቆም አላውቅም። አብዲ፣ እንዴት ነው የሚቆመው?»

«ኢስኬፕን ተጫናት» አለ ከእንሰቱ ውስጥ።

መሠረትና እኔ ተያየን። እናቷ ሁለት ቀን ሙሉ ተጭነዋት የከረሙትን ቁልፍ እሷ በአንድ ጣቷ ነካቻት። ምርመራው ቆመ። ኮምፒውተሩ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ተከፈተ።

እትዬ ጥሩነሽ ስክሪኑ ላይ መጡ። ወደ እግራቸው ሊያዩ ብለው፣ መልሰው ቀና ብለው፣ አፋቸውን በእጃቸው ለመሸፈን ሳይደርሱ ይስቃሉ። በሩ ላይ ከነበሩት አንዱ ገበሬ «ሀደ ኮ» አለ ቀስ ብሎ፤ እናቴ ማለቱ ነው። መሠረት «እንዲህ ስትስቅ አይቻት አላውቅም» አለችኝ። እኔም ስለ ፌስታሉ ልነግራት ፈለግሁ፤ ጊዜ ግን አልነበረም። አትሜ፣ ፍሬም ውስጥ አስገብቼ ሰጠኋት።

በሩ ላይ ስንደርስ ዝናብ ጀመረ። ቡና ደጅ በተሰጣበት ወራት የሚመጣ፣ ሰው የሚረግመው ዝናብ ነው። ገበሬዎቹ ወደ ጆንያቸው ሮጡ። መሠረት ፎቶውን ደረቷ ላይ አቅፋ ቆመች፣ ከዚያ ተመልሳ ገባች። የፍራሹን ላስቲክ ከጠረጴዛው ላይ አንስታ የእናቷን ፎቶ ጠቀለለችበት። በሲባጎው አሰረችው፤ ቋጠሮው ልክ እንደ እናቷ፣ ግራ ጥግ ላይ።

ቤተ ክርስቲያኑ ስንደርስ ዝናቡ አባርቷል። ሕዝቡ ሐጂ አባመጫን ጨምሮ ቆሟል፤ መቀሸሪያው ያን ቀን መልሶ አልተነሳም። ጋሽ ታደሰ ፎቶው በላስቲኩ ውስጥ ሲያብለጨልጭ አይተው ወደ መሠረት ጠጋ አሉ።

«ልጄ፣ አባራ እኮ። ላስቲኩ ይነሳና ሰው ፊታቸውን ይያቸው።»

መሠረት ፎቶውን ወደ ራሷ ሳብ አደረገችው።

«ይቆይ ጋሼ» አለች።

ፎቶው ዛሬም ሳሎናቸው ግድግዳ ላይ ከነላስቲኩ ተሰቅሏል። እኔ ፎቶ አንሺ ነኝ፤ በላስቲክ የተጠቀለለ ሥራዬን ሳይ ያመኛል። በሄድኩ ቁጥር ያ የሚንጫጫ ሶፋ ላይ ቁጭ እላለሁ፣ ብርሃኑ ላስቲኩ ላይ ወድቆ ሳቃቸውን ግማሹን ሲደብቅብኝ እናደዳለሁ፣ ላወልቀው እነሳለሁ። ቋጠሮው ጋ ስደርስ እጄን እመልሳለሁ።